ድመቴ ቶሎ ቶሎ እያስመለሰች ነው፣ መቼ ነው ሐኪም ጋ መሮጥ ያለብኝ?

የውሪት ቤት (ጀሞ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ። እባካችሁ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ ጨንቆኛል። ውሪት የምትባል ድመት አለችኝ፣ ወደ አራት ዓመት ይሆናታል፣ እንዳትወልድ ኦፕራሲዮን ተደርጋለች፣ ክብደቷ 4 ኪሎ አካባቢ ነው። ድሮም አልፎ አልፎ ታስመልሳለች፣ ግቢ ወርዳ ሳር ግጣ ስትመጣ ወይ ፀጉሯን ስትልስ ውላ ያንን የረጠበ ጥቅልል ፀጉር ታወጣለች፣ እሱን ለምደነዋል፣ ምክንያቱም አስመልሳ ሳትጨርስ መጥታ ምግብ አምጡ ብላ ትጮሃለች። የአሁኑ ግን አላማረኝም። ትናንት ጠዋት የበላችውን እንዳለ አወጣችው፣ ከሰዓት ደግሞ ቢጫ አረፋ፣ ማታም ሌሊትም እንደዛው፣ ሆዷ እየተኮማተረ ትታገል ትታገልና የሚወጣው ትንሽ ቢጫ ውሃ ብቻ ነው። ዛሬ የምትወደውን ሳንባ ቀቅዬ ብሰጣት አሽትታ ሄደች። ሶፋ ስር ገብታ ተጠቅልላ ተኝታለች፣ ስጠራት ጆሮዋን ብቻ ነው የምታዞረው።

እናቴ "ድመት ስታስመልስ ሆዷን እያፀዳች ነው፣ ተያት" ትለኛለች። የፋሲካ ሰሞን ስለሆነ ዶሮ ወጥ ወይ አጥንት ሰርቃ በልታ ይሆናል ብለንም አስበናል። ጎረቤታችን ደግሞ ሩብ ፓናዶል በውሃ በጥብጠሽ አጠጫት አለችኝ፣ ሌላዋ ትኩስ ወተት ከዘይት ጋር፣ መርዝ በልታ ከሆነ ያበርድላታል ብላ (ብሎኩ ውስጥ አይጥ ስላለ ሰው መርዝ ያስቀምጣል)። እኔ ምንም ሳልሰጣት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው። ሐኪም ጋ ለመውሰድ እኮ አልሰሰትኩም፣ ግን ከግቢ ወጥታ ስለማታውቅ መኪና ውስጥ ትሸበራለች፣ እና ሳያስፈልግ ላሰቃያት አልፈለኩም። የቱ ነው የተለመደ ማስመለስ፣ የቱ ነው የሚያስፈራው?

የኮተቤው

አይዞሽ። እኛ ቤት ሦስት ድመት አለ፣ ሁሉም ያስመልሳሉ፣ በተለይ አንዱ ከሌሎቹ ጋር ተሻምቶ ሳያኝክ ስለሚውጥ በልቶ ሳይጨርስ እዛው ሳህኑ አጠገብ ያወጣዋል፣ ፍሬው ራሱ ሳይፈጭ እንዳለ ነው የሚወጣው። ምግቡን ሰፊ ትሪ ላይ በተን አርገን ለብቻው መስጠት ስንጀምር ቀረለት። ሳር በልተው የሚያስመልሱትም ምንም አይደለም። ግን ያንቺዋ ምግብ እምቢ ካለች እኔም ብሆን ዝም አልልም፣ የኔዎቹ አስመልሰው እንኳ ስጋ ካሸተታቸው ይሮጣሉ። ባለሙያ ይምጣና ይመልስልሽ።

ቬት ነኝ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ቢሾፍቱ ነው የተማርኩት፣ አሁን የምሠራው አዲስ አበባ ነው። እየሠራሁ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብሳሳት ይቅርታ።

አደራ ፓናዶል እንዳትሰጫት፣ ሩብም ይሁን የሩብ ሩብ። አንዱ ፍሬ 500 ሚሊግራም ነው፣ ሩቡ 125 ይሆናል፣ ያንን ለ4 ኪሎ ድመት ስታካፍይው በኪሎ ከ30 ሚሊግራም በላይ ነው፣ ድመት ደግሞ በኪሎ 10 ሚሊግራም እንኳ ሊመርዛት ይችላል። የሰው ጉበት ፓራሲታሞልን የሚያመክንበት መንገድ ድመት ጋ የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ መድኃኒቱ ውስጧ ወደ መርዝ ይቀየርና ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም አይሰጥም። ሰው ቤት ውስጥ ካለው መድኃኒት ለድመት ሐኪም ሳያዝ የሚሰጥ አንድም የለም ብለሽ ያዢ።

ዘይቱንና ወተቱንም ተዪው። እያስመለሰች ያለች ድመት አፍ ውስጥ ዘይት ስታፈሺ ወደ መተንፈሻዋ ሊገባባት ይችላል፣ ከዛ ሳምባ ምች ይከተላል። ወተት መርዝ አያበርድም፣ ያደገች ድመት አብዛኛውን ጊዜ የወተቱን ስኳር ስለማትፈጨው ተቅማጥ ነው የሚጨምርባት። ታስመልሰው ተብሎ ጨው በውሃ የሚሰጥም አለ፣ እሱ ራሱ ይገድላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሰው ሲደውልልኝ ስንት ጊዜ አስመለሰች ከማለቴ በፊት በልታለች ወይ፣ ሸንታለች ወይ፣ ስትጠሯት ትነሳለች ወይ ነው የምለው። አንዴ አስመልሳ ከዛ የምትበላ፣ የምትጫወት፣ አሸዋዋን (የምትጸዳዳበትን) በደንቡ የምትጠቀም ድመት ቤቷ ሆና ብንጠብቃት ችግር የለውም፣ ለጥቂት ሰዓት ሆዷን አሳርፈሽ ከዛ ጨውም ሽንኩርትም በርበሬም የሌለው የተቀቀለ የዶሮ ስጋ ትንሽ ትንሽ እያልሽ ትሰጫታለሽ፣ ውሃውንም ትንሽ ትንሽ። በቀን ውስጥ ደጋግማ ስታስመልስ፣ የጠጣችውን ውሃ እንኳ መያዝ ሲያቅታት፣ ትውከቱ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ሲኖረው፣ ሆዷ ሲነካ ስትቆጣ፣ ወይም እንደ ውሪት ተደብቃ ምግብ እምቢ ስትል ግን እስከ ነገ የሚባል ነገር የለም። ድመት ሲያማት ትደበቃለች እንጂ አታለቅስም። ውሻ ቢያመው እግርሽ ስር መጥቶ ያሳይሻል፣ ድመት ሶፋ ስር ገባች ማለት ብዙ ጊዜ ነገሩ ከጀመረ ቆይቷል ማለት ነው።

ምግብ ማቆሙን ደግሞ ቀላል አታድርጊው። ሰው ሆዱን ሲያመው ቀኑን ሙሉ ባይበላ ይሻለው ይሆናል፣ ድመት ግን በተለይ ወፈር ካለች ሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ ስትቀር የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይሄድና ጉበቷ ራሱ መሥራት ያቆማል፣ ድዷና የጆሮዋ ውስጥ ቢጫ ይሆናል። በማስመለስ የመጣች ድመት በጉበት የምትሞትበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው አንድ ሙሉ ቀን ካልበላች ደውሉ የምንለው።

እስኪ እነዚህን አይተሽ ንገሪኝ። የላይኛውን ከንፈሯን ገለጥ አድርገሽ ድዷን እዪው፣ ሮዝና እርጥብ መሆን አለበት፣ ጣትሽ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ውሃ አንሷታል። ትከሻዋ ላይ ያለውን ቆዳ ቆንጥጠሽ ልቀቂው፣ ወዲያው ካልተመለሰ እንደዛው ነው። የአይጥ መርዝ ያልሽው ምን ዓይነት ነው፣ ግራጫ ዱቄት ነው ወይስ ቀለም ያለው ፍሬ? ከቻልሽ ማሸጊያውን ፎቶ አንሺው። ግራጫ ዱቄቱ ዚንክ ፎስፋይድ ከሆነ ሆድ ውስጥ መርዘኛ ጋዝ ይፈጥራል፣ ትውከቷ የነጭ ሽንኩርት ወይ የበሰበሰ ዓሳ ሽታ ካለው መስኮት ክፈቱ፣ ጎንበስ ብላችሁ አታሽትቱ፣ ጋዙ ሰውንም ይጎዳል። ባለቀለሙ ፍሬ አብዛኛው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው፣ እሱ ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው፣ መድኃኒትም አለው።

የመጨረሻውና ዋናው፣ ቤታችሁ ክር፣ ፈትል፣ የፀጉር ላስቲክ፣ የስጦታ ሪባን አለ? አፏን ክፈቺና ምላሷ ስር እዪ። እንዴት መሰለሽ፣ በአንድ እጅሽ ጭንቅላቷን ከላይ ይዘሽ አፏን ትከፍቺያለሽ፣ በሌላኛው አውራ ጣት ከታች ከመንጋጋዋ መሃል ያለውን ለስላሳ ቦታ ወደ ላይ ገፋ ስታደርጊው ምላሷ ይነሳል። የምታንቋርር፣ ምራቋ የሚዝረከረክና ጠባይዋ የተቀየረ ከሆነች ግን እጅሽን እንዳትከቺ፣ እኛ አገር ድመትም የእብድ ውሻ በሽታ ይይዛታል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ዶክተር እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ ፋሲካ ሲደርስ ሱፐርማርኬቱ ሁሉ የሚሞላው ነጭ ሊሊ አለ አይደል፣ የኛም ሰው ለቤት ማስዋቢያ ይገዛዋል፣ ድመት ካላችሁ በር አታስገቡት። ቅጠሉ፣ አበባው፣ ዱቄቱ፣ የአበባ ማስቀመጫው ውሃ ሳይቀር ኩላሊቷን ይገድለዋል። ዱቄቱ ፀጉሯ ላይ አርፎ ስትልሰው ብቻ ይበቃል። ጓደኛዬ ቤት የሆነው እሱ ነው፣ ድመቷ መጀመሪያ አስመለሰች፣ ከዛ ማስመለሱን አቆመችና ተሻላት ብለው ደስ አላቸው፣ በማግስቱ ሽንቷ ቆመ። ኩላሊቷ ነበር። እዚህ ያሉት ሐኪሞች እንደነገሩን በልታ 18 ሰዓት ሳይሞላ ግሉኮስ (በደም ስር የሚሰጠው ፈሳሽ) ከተጀመረላት ብዙ ጊዜ ትተርፋለች፣ ከዛ ካለፈ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ሊሊ ስትበላ ካያችኋት እስክታስመልስ አትጠብቁ። ኤኤስፒሲኤ (ASPCA) የሚባለው ድርጅት ሌሊትም የሚመልስ የእንስሳት መርዝ ስልክ አለው፣ ያስከፍላል ግን ዋጋ አለው።

ቬት ነኝ

ልክ ነሽ። አዲስ አበባም አበባ ቤቶች እቅፍ ውስጥ ሊሊ የሚቀላቅሉበት ጊዜ አለ፣ ለሠርግና ለምርቃት የሚመጣውን እቅፍ እዩት። ካላ ሊሊ የሚሏት ግቢ ውስጥ የምትተከለው ሌላ ናት፣ እሷ አፍ ታቃጥላለች፣ ታስለሃጫለች፣ ታስመልሳለች እንጂ ኩላሊት አትነካም። አጥር ላይ ያለው ቅንጭብም ወተቱ አፍና ዓይን ያቃጥላል።

የሚሹ አባት

ወንድ ድመት ያላችሁ ሰዎች ይሄን አንብቡልኝ። የኛ ሚሹ ማስመለስ ጀመረ፣ ሆዱን ነው አልን። አሸዋው ላይ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ይጮሃል፣ እዛ ታች ይልሳል፣ አሸዋው ግን ደረቅ ነው። መጀመሪያ የወሰድንበት ቦታ የሆድ ድርቀት ነው ብለው የሚያላላ ነገር ሰጥተው መለሱን። ሚስቴ አላመነችም፣ ማታውኑ ሌላ ሐኪም ጋ ወሰድነው፣ ሰውየው ሆዱን አንዴ በእጁ ሲዳስሰው ፊኛው በሽንት ተወጥሮ ጠንክሯል፣ ተዘግቷል ማለት ነው፣ ቱቦ አስገብተው ደም የቀላቀለ ሽንት ሲወጣለት እዛው ጠረጴዛው ላይ ተንፈስ ብሎ ጋደም አለ። ሌሊቱን ብናሳድረው ኖሮ አይነጋለትም ነበር አሉን። ማስመለስ ሲባል ሰው ሆድ ብቻ ነው የሚያስበው፣ እባካችሁ አሸዋውንም እዩ።

ቬት ነኝ

የሚሹ አባት የጻፍከውን ሁሉም ወንድ ድመት ያለው ሰው ቢያነበው ደስ ይለኛል። የወንዱ የሽንት ቱቦ በጣም ጠባብ ስለሆነ በትንሽ ጠጠርና ዝቃጭ ይደፈናል፣ ሽንቱ ሲጠራቀም ደም ውስጥ ፖታሲየም ይጨምርና ልብ ያቆማል፣ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። የሚያስመልሰው ሆዱ ታሞ ሳይሆን ደሙ ተመርዞ ነው። በማንኛውም ሰዓት የሚኬድበት ነው።

የውሪት ቤት (ጀሞ)

ዶክተር አየሁት!! ድዷ ገርጥቷል፣ ጣቴ ላይ ይጣበቃል፣ ቆዳዋም ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። መርዙ ባለሮዝ ፍሬ ነው ፎቶ አንስቻለሁ። ምላሷ ስር ግን ነጭ ክር አለ፣ እናቴ ለነጠላ ፈትል ትፈትላለች እሱ ነው መሰለኝ፣ ምላሷ ስር ዞሮ ስጋው ውስጥ ቀበር ብሏል፣ ቀይ ሆኗል፣ ጫፉ ወደ ጉሮሮዋ ይወርዳል። ልጎትተው?

ቬት ነኝ

አትጎትቺው። አትቁረጪውም። በኋላ በኩል ወጥቶ ብታዪውም አትንኪው። ክሩ ላይ ምላሷ ጋ ተይዟል፣ ታች ደግሞ አንጀቷ ውስጥ ገብቷል፣ አንጀቷ ወደ ታች ለመግፋት ሲሞክር ክሩ ላይ እየተሰበሰበ ይጨማደዳል፣ ስትጎትቺው ክሩ አንጀቷን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። አሁን ውሰጃት። ምግብም ውሃም አትስጫት፣ ማደንዘዣ ሊያስፈልጋት ይችላል። ካርቶን ጎኑን በስታችሁ ውስጡ የምታውቀውን ጨርቅ አድርጉ፣ ከላይ ሸፍኑት፣ ጨለማ ሲሆንላት መኪና ውስጥ ትረጋጋለች። የመርዙን ፎቶም አሳዪ። ስትደርሺ በመጀመሪያው ቃል "ምላሷ ስር ክር አለ" በያቸው፣ ትናንት ጀምሮ ታስመልሳለች ብለሽ ከጀመርሽ ተራ ጠብቂ ይሉሽ ይሆናል። ራጅ ላይ ክሩ ራሱ አይታይም፣ የሚታየው የአንጀቱ መጨማደድ ነው፣ አልትራሳውንድ ካላቸው ይሻላል። መርፌ አብሮት ገብቶ ከሆነ ግን ራጁ ያሳያል።

የኮተቤው

ሂጂ ሂጂ፣ ከዛ ንገሪን።

ነታንያ

እስክትመለስ እኔ በዕድሜ ስለገፉ ድመቶች አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሁሉም የምታወሩት ስለ ድንገተኛው ነው። እኔ እስራኤል ነው የምኖረው፣ ከመንገድ ያነሳኋት ድመት አለችኝ፣ አሁን አርጅታለች። ለረጅም ጊዜ በየሳምንቱ ታስመልስ ነበር፣ ፀጉር ነው ፀጉር ነው እያልን። ምግብ ደግሞ ከድሮው ይልቅ እየጎረሰች፣ ትልቅ ሆና እንደ ግልገል ትሮጥ ነበር፣ እኛም ጤና ነው ብለን ደስ ይለን ነበር፣ ግን ጀርባዋን ሳሻሽ አጥንቷ እጄን ይወጋኛል። ደሟ ሲታይ እንቅርት ነው፣ ማለት ታይሮይድ፣ መድኃኒት ጀመረች፣ ማስመለሱም ቀነሰ፣ ክብደቷም ተመለሰ። ብዙ እየበላች የምትከሳ ትልቅ ድመት ካለቻችሁ ደሟን አስመርምሩ።

ቬት ነኝ

በጣም ትክክል። በየሳምንቱ ማስመለስ የድመት ጠባይ አይደለም፣ ሰው ስለለመደው ነው ጠባይ የመሰለው። ፀጉር የምታወጣ ድመት ራሷ ቶሎ ቶሎ ካደረገችው ወይ ከመጠን በላይ ትልሳለች (ቁንጫ፣ የቆዳ ችግር)፣ ወይ አንጀቷ ፀጉሩን ወደ ታች ማሳለፍ አቅቶታል፣ የአንጀት ቁጣ ሊሆን ይችላል፣ በትልልቆቹ ላይ የአንጀት ካንሰርም አለ። ከሰባት ስምንት ዓመት በላይ ለሆነች ድመት ታይሮይድ፣ ኩላሊትና ስኳር እናያለን። ውሃ ከድሮው አብዝታ የምትጠጣና አሸዋዋን የምታረጥብ ከሆነ እሱን ንገሩን፣ ለኛ ከትውከቱ ቀለም ይበልጣል። ክብደቷን በወር አንዴ መዝኑ፣ እቅፍ አርጋችሁ ሚዛን ላይ ውጡና የራሳችሁን ቀንሱ። እና ሌላ፣ ስታስመልስ በስልክ ቪዲዮ ቅረፁ፣ አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ እያሳላት ምንም የማይወጣ ከሆነ እሱ አስም ሊሆን ይችላል፣ ሰው ግን ፀጉር ሊወጣ ነው ይላል።

እማማ ከልደታ

ልጆች ምክራችሁ ጥሩ ነው። እኔ ድመት ሳላጣ ነው ያረጀሁት። እኔ ያየሁት ፋሲካ ላይ የሚታመሙት ይበዛሉ፣ ሃምሳ አምስቱን ቀን ሽሮና እንጀራ ፍትፍት ሲበሉ ይከርማሉ፣ የፋሲካ ለት ቅቤ ያለው ወጥ፣ አጥንት፣ የበግ ጮማ ሁሉም ባንዴ ይሰጣቸዋል። ለኛም እኮ ይከብደናል። እኔ በጾሙም ቢሆን ከስጋ ቤት የሷን ድርሻ አስመጣለሁ፣ እሷ አትጾምም።

ቬት ነኝ

እማማ እድሜ ይስጥልኝ። ድመት ስጋ የግድ ያስፈልጋታል፣ ታውሪን የሚባል ነገር ከስጋ ነው የምታገኘው፣ ለረጅም ጊዜ ሲጎድልባት ልቧና ዓይኗ ይጎዳል፣ በሽሮ ብቻ ማክረም አይቻልም። ዶሮ ወጡን በተመለከተ ቃሪያና በርበሬውን ሰው ይፈራል፣ እኔ የምፈራው ሽንኩርቱን ነው። ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ ቢበስልም ቢጠበስም ያው ነው። በኪሎ 5 ግራም ሽንኩርት ይበቃል፣ ለ4 ኪሎ ድመት 20 ግራም ማለት ነው፣ ዶሮ ወጥ ደግሞ ምን ያህል ሽንኩርት እንደሚፈጅ ከናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ማስመለሱ ቀድሞ ይመጣል፣ የደም ማነሱ ግን ከቀናት በኋላ ነው፣ ድዷ ይነጣል፣ ሽንቷ ይጠቁራል። ስለዚህ ወጥ ሰርቃ አስመልሳ ተሻላት ብላችሁ ሳምንቱን ሙሉ ድዷን ማየት አትተዉ። የበሰለ አጥንትም ይሰነጠቃል፣ አትስጡ።

የውሪት ቤት (ጀሞ)

ተመልሻለሁ፣ ስላልጻፍኩ ይቅርታ። እንደደረስን ያልከኝን አልኳቸው ወዲያው አስገቧት። ግሉኮስ ተደረገላት፣ በአልትራሳውንድ አንጀቷ ተጨማድዶ ታየ፣ የዛኑ ቀን ኦፕራሲዮን ሆነች። ክሩ ከምላሷ ስር በጨጓራዋ አልፎ ትንሹ አንጀት ውስጥ ብዙ ርቀት ሄዶ ነበር፣ ከአንድ በላይ ቦታ ከፍተው ነው ያወጡት፣ አንጀቷ ግን ገና አልተበሳም ነበር ተመስገን። አንድ ሌሊት እንኳ ብንቆይ ይበሳ ነበር ብለውኛል። አሁን ቤት ናት፣ አንገቷ ላይ ያ ፕላስቲክ ነገር አለባት ትጠላዋለች፣ ለስላሳ ምግብ በማንኪያ ትንሽ ትንሽ እየሰጠኋት ነው፣ ዛሬ ጠዋት ራሷ ሳህኑ ጋ ሄዳ በላች። እናቴ ፈትሏን ክዳን ያለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው አሁን፣ እንዝርቷንም ጭምር። ዶክተር ክፉ አይንካህ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ቬት ነኝ

እንኳን ደስ አለሽ። ቀጣዮቹን ጥቂት ቀናት ግን ተጠንቀቂ፣ አንጀት ከተሰፋ በኋላ ስፌቱ የሚላቀቅ ከሆነ በዚህ ጊዜ ነው። እንደገና ካስመለሰች፣ ምግብ ካቆመች፣ ትኩሳት ካላት (የድመት ጤነኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ነው፣ ከሰው ጋር አታወዳድሪው) ቀጠሮ ሳትጠብቂ ውሰጃት።

ፈሪ ነኝ

ይቅርታ የሰው ጥያቄ ላይ ገብቼ ነው። ከጎዳና ያመጣኋት የድመት ግልገል አለችኝ፣ ሁለት ወር ቢሆናት ነው፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ታስመልሳለች፣ ተቅማጥም አለ፣ የውሃ ሳህኑ ላይ ጭንቅላቷን ደፍታ ትቀመጣለች ግን አትጠጣም። አንዴ ስታስመልስ ረጅም ነጭ ትል ወጣ፣ ፓስታ ይመስላል። የትል መድኃኒት ገዝቼ ልስጣት ወይ? ሌላ ትልቅ ድመትም ቤት አለ።

ቬት ነኝ

ትሉ ወስፋት ነው፣ የጎዳና ግልገል አብዛኛዋ አላት፣ መድኃኒቱም ቀላል ነው፣ ግን አሁን በትሉ አትዘናጊ። ያልተከተበች ግልገል፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ውሃ ላይ ደፍቶ መቀመጥ ሲደመር መጀመሪያ የምጠረጥረው ፓንሉኮፔኒያ ነው፣ የድመት ፓርቮ ማለት ነው። ነጭ የደም ሴሏን ያጠፋዋል፣ አንጀቷን ይልጠዋል፣ ግልገል በሱ ቶሎ ትሞታለች። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፣ ግሉኮስና አንቲባዮቲክ ተሰጥቷት የራሷ ሰውነት እስኪያሸንፈው ድረስ ነው የምናቆያት፣ በጊዜ የመጡት የሚተርፉ አሉ። ለግልገል ነገ የሚባል ነገር የለም፣ ስኳሯ ይወርድባታል፣ አሁን ውሰጃት፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ በሙቀት ያዣት።

ትልቋ ድመት ተከትባለች? ካልተከተበች ዛሬውኑ ክፍል ለዩአቸው፣ ሳህንም አሸዋም አይጋሩ፣ ግልገሏን ከነካሽ በኋላ እጅሽን ታጠቢ ልብስሽንም ቀይሪ። ወለሉን አልኮልም ተራ ሳሙናም አያፀዳውም፣ ቫይረሱ ቤት ውስጥ እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል። መጀመሪያ ቆሻሻውን በሳሙና እጠቢ፣ ከዛ አንድ እጅ በረኪና ለ32 እጅ ውሃ በጥብጠሽ አፍስሺበትና አሥር ደቂቃ ይቆይ፣ ከዛ እጠቢው፣ ድመቶቹ እስኪደርቅ አይግቡ። ሰው አይዝም፣ ልጆች ቤት ካሉ ግን ለወስፋቱ ስትይ ትውከቷንና አሸዋዋን እንዳይነኩ። የትልቋን ክትባት መቼ እንደነበረ ጻፊልኝ፣ ስትደርሺም ምን እንዳሉሽ።